ውሃ የጠጣሁበት በር

አባቴ ሲሞት አላለቀስኩም። ነቀምቴ ያለ ሰው ሁሉ አይቶኛል፣ የምደብቀው ነገር አይደለም። ድንኳን ተጥሎ የሰፈራችን የባኬ ጃማ ሴት ሁሉ ደረቷን ስትመታ እኔ ጓሮ ገብቼ ሽንኩርት ስልጥ ዋልኩ። «ሽንኩርቱ እንኳን አላስለቀሳትም» ተባልኩ። ጎረቤታችን እትዬ ሸዋርጋ መጥተው ከላዬ ቆሙና «አንቺ ልጅ፣ ድንጋይ ነሽ?» አሉኝ። «ነኝ» አልኳቸው።

ምክንያት ነበረኝ። በሃምሳ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ አባቴ በሰው ነፍስ ለውጦኝ ነበር። እንዲያ ብዬ ነው አርባ ዓመት የያዝኩት። በማላውቀው ሰው ደጅ ጥሎኝ፣ በብስክሌቱ ቁልቁል ሲወርድ፣ ስጠራው ሳይዞር፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ይህን ያየ ሰው ለለቅሶ እንባ ከየት ያመጣል?

ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ከወለድኩ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። ቃል ማሳመር አልችልበትም። ቁጭ ብሎ መጻፍም አይሆንልኝም፣ ሁለት መስመር ጽፌ ተነስቼ ግቢውን እዞራለሁ። እንደሆነው አድርጌ ልናገረው።

አባቴ ወልደዮሐንስ ጎጃሜ ነበር። ወለጋ የመጣው አንድ ሹም ተከትሎ ነው፣ ሹሙ ሲሻር እሱ ቀረ። ሥራው የነጋዴ መልእክት ማድረስ ሆነ። ገበያ መሃል ጨርቅ የሚሸጥ ሽብሩ የሚባል የጉራጌ ነጋዴ ብስክሌት ሰጥቶት ነበርና፣ ደብዳቤና ትንንሽ ጥቅል ይዞ አንዴ ዲጋ ይወርዳል፣ አንዴ አርጆ ይወጣል። ያኔ የከተማው ብስክሌት በጣት የሚቆጠር ነው። የሰፈር ልጆች ከኋላው «ገለባ የማይበላ ፈረስ!» እያሉ ይሮጣሉ። እሱም ደወሉን ቂሊልል አድርጎላቸው ያልፋል።

በዚያ ዓመት፣ ገና ካለፈ በኋላ፣ እኔንም ይወስደኝ ጀመር። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ተወዳጅ ልጅ ለምን ተወደድኩ ብላ ትጠይቃለች? ከመሪውና ከኮርቻው መሃል ባለው ብረት ላይ ነጠላ አጥፎ ያስቀምጠኛል፣ አገጩ አናቴን እየነካ እንሄዳለን። ከዚያ ወዲያ ቤት መዋል አቃተኝ። መንገድ የሌለበት ቀን እግሬን ይበላኛል፤ በር ላይ ቆሜ «ዛሬም አንሄድም? ነገስ?» እያልኩ እናቴን አሰለች ነበር።

አንድ ጠዋት እናቴ ሐረግወይን ስታናግረው ሰማሁ። «ከፊትህ አታስቀምጣት» አለችው፣ ድምጿ ተሰብሮ። «የፈለግከውን አድርግ፣ ልጄን ግን ከፊትህ አታስቀምጥብኝ።»

«ከፊት ካልሆነች መውሰዴ ምን ይረባል?»

«ሽማግሌዎቹ ምን አሉ?»

«ሽማግሌ የምን? እኔ ወረቀቴን ይዣለሁ።»

ስለ መቀመጫ የሚከራከሩ መሰለኝ። «እማዬ፣ ከፊት ይሻለኛል፣ ከኋላ ብረቱ ይቆረቁረኛል!» ብዬ ዘልዬ ገባሁ። እናቴ ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ ወጣች። የሳቀች መስሎኝ ነበር።

የሄድንባቸውን በሮች ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ እቆጥራቸዋለሁ። በር የምንለው ተራራው ለሁለት ተከፍሎ ሰው የሚያሳልፍበትን ነው። ወደ አርጆ ዋና መንገድ አለ፣ መኪና የሚሄድበት። አባቴ ግን ከተማውን ጥቂት አልፎ ወደ ጥሻው ይታጠፋል። «ዛሬ የከተማ ሰው አይቶት የማያውቀውን በር ነው የማሳይሽ» ይለኛል። ዳገቱን ብስክሌቱን ተሸክሞ በእግር፣ እኔ ከኋላው ቁጥቋጦ እየያዝኩ። ጠዋት ጉም የማይለቀው አንድ በር ነበር፤ ስንገባበት ሽፋሽፍቴ ላይ ውሃ ይቋጥራል። ጉሬዛዎች ከዛፍ ዛፍ የሚወረወሩበት ሌላ በር ነበር። አንዱ ደግሞ ጫፉ ላይ ሲደርሱ የዲዴሳ ቆላ ከሥር ተዘርግቶ፣ የተቃጠለ ሣር ጭሱ እንደ ባሕር ተኝቶ፣ ልብን ከቦታዋ ያነሳታል። «ስም አውጪለት» ይለኛል አባቴ። የጉም በር፣ የጉሬዛ በር፣ የዝላይ በር እያልኩ አወጣሁላቸው። ሁሉም ቀድሞም የራሳቸው የኦሮሞ ስም እንደነበራቸው ያወቅሁት አሁን ነው። እኛ አገር ያገኘን መስሎኝ፣ ሰው በየቀኑ ከብት በሚነዳበት ነበር የምንዞረው።

ደግሞ ያዘፍነኝ ነበር። መታጠፊያ ጋ ስንደርስ፣ ከወዲያ ምን እንዳለ በማይታይበት ቦታ ሁሉ፣ «ዝፈኚ» ይለኛል። «ጮክ በይ፣ ማዶ ድረስ ይሰማ።» እኔም ራሴ የገጠምኳትን አወርዳታለሁ፦

ዳገቱን በእግራችን፣ ቁልቁሉን በጎማ፣
ሳይመሽ እንገባለን ከእማዬ ከተማ።

ድምፄን የወደደ መሰለኝ። በዚያ እምነት አድጌ በስንት ሰው ሠርግ ላይ አውርጄአለሁ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በዚያ አገር ሴት ልጅ ይዞ በሚሄድ ሰው ላይ ጦር የሚያነሳ የለም። አባቴ ያዘፈነኝ ልጅ አብራው እንዳለች ሩቅ ያለ ሰው ሳያየን ቀድሞ እንዲሰማ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ፣ አባቴ ከአርጆ ሲመለስ፣ ፍሬኑ ተበጥሶ ነበር። ቁልቁለቱን የሚወርደው በጫማው ሶል የፊት ጎማውን እየተጫነ ነው። ዱቤ የሚባል ገበሬ የቤት ምሰሶ ተሸክሞ መንገድ ያቋርጣል። ደወሉን ሰምቶ ዞር ሲል ምሰሶውም አብሮት ዞረ። ብስክሌቱ ምሰሶውን መታ፣ ምሰሶው ሰውየውን ገደል አወረደው። ዱቤ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ነገሩ ዳኛ ፊት ቀርቦ አደጋ ነው ተባለና አባቴ ማኅተም ያለበት ወረቀት ተሰጠው። ያን ወረቀት በደረት ኪሱ ይዞ፣ በየመንገዱ በእጁ መታ መታ ሲያደርገው አየው ነበር። የሽብሩ ደብዳቤ ነበር የመሰለኝ።

አባቴ፣ እንደ መጤነቱ፣ በወረቀት ነገር የሚያልቅ መሰለው። እዚያ ደግሞ የሰው ደም በሽማግሌ ካልታረቀ፣ ጉማው፣ የደም ካሳው ማለት ነው፣ ካልወጣ፣ አያልቅም። እስከዚያ የገዳይና የሟች ወገን በአንድ መንገድ አይገናኝም፣ ከአንድ ምንጭ አይጠጣም። እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም። እኔ የማውቀው በዚያ አቅጣጫ ምንጭ ባየሁ ቁጥር «ውሃው ያሳምማል፣ አትጠጪ» መባሌን ነው። ውሃችንን ከቤት በቅል ይዘን ነበር የምንሄደው።

የካቲት ነበር፣ ፀሐዩ ድንጋይ የሚሰነጥቅ። የዝላይ በርን ስንወጣ ቅሏ ከእጄ አመለጠችና ከድንጋይ ተጋጭታ ተሰበረች። ገና ረፋድ ነው። ጫፍ እስክንደርስ ምላሴ ላንቃዬ ላይ ተጣበቀ። አባቴ ብስክሌቱን ተሸክሞ ቋጥኙን ቀስ እያለ ሲወጣ እኔ ሮጬ ቀደምኩት። ከበሩ ወዲያ፣ ከአንድ ዋንዛ ሥር፣ ውሃ ኩልል ይላል። አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት ቁጢጥ ብላ ቅል ታጥባለች።

«አካም ጅርታ፣ እንተላ ኮ?» አለችኝ። ደህና ነሽ ወይ ልጄ ማለቷ ነው። እንደ ማንኛውም የነቀምቴ ልጅ ኦሮምኛን ከገበያ ለቅሜአለሁ።

«ቢሻን» አልኳት፤ ውሃ።

አየችኝ። ቀና ብላ ወደ በሩ አየች። ቆየት ብላ ቅሉን ሞልታ ሰጠችኝ። ጠጣሁ። ደግማ ቀዳችልኝ። ሁለተኛውን ሳጋምስ አባቴ ብስክሌቱን በትከሻው ይዞ ብቅ አለ።

ፊቱን እስካሁን አልረሳውም። ሴቲቱ ተነስታ ቆመች። አባቴ ብስክሌቱን እንደ ብርጭቆ በቀስታ መሬት አስነካት። ከታች ከማሳው አንድ ሰው ጦሩን እንደ ምርኩዝ እየተደገፈ ይመጣል። አባቴ ሰውየውን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ብስክሌቱ ላይ ወጣና በሌላኛው ቁልቁለት ለቀቃት።

«አባዬ!» አልኩ። «አባዬ፣ እኔ እዚህ ነኝ!»

አቧራው ብቻ ቀረ። ሳይዞር ሄደ።

ሴቲቱ እጄን ስትይዘኝ ጣቷን ነከስኳት፣ አጥንቷ እስኪሰማኝ። «ኡፍ! ይቺስ የጅብ ልጅ ናት!» ብላ ጮኸች፣ ሰውየው ሳቀ። ቤታቸው ወሰዱኝ። አንጮቴ የሚሉትን ሥራሥር ቀቅለው በቅቤ አቀረቡልኝ፤ እየራበኝ አልበላ አልኩ። ተነስቼ በሩ ጋ እቆማለሁ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ፣ ደግሞ እነሳለሁ።

ጥላው ሲረዝም አባቴ መጣ። ብቻውን አይደለም፣ አምስት ሽማግሌዎች ይዞ ነው። ብስክሌቱን እየገፋ፣ ራሱን ተላጭቶ እንደ ሐዘንተኛ ባዶ አናቱን፣ በእጁ እርጥብ ሣር ይዞ። ሽማግሌዎቹ ከዛፍ ሥር ተቀመጡ፣ በግ ታረደ። ሽማግሌና በግ ምን እንደሆነ አውቃለሁ! የሰፈራችን ልጅ ምንትዋብ፣ ዘጠኝ ዓመት እንኳን ሳይሞላት፣ ባለፈው ዓመት የተዳረችው በዚሁ ነው። ከበሩ ሥር ሆኜ ሳይ አባቴ ጦር የያዘውን ሰው ጉልበት ስሞ ተደፋ። ሰውየው አነሳው። ከዚያ ወደ እኔ እያመለከተ፣ ሁሉም እንዲሰማ፣ «ውሃችንን ጠጥታለች፣ ከእንግዲህ የኛ ናት» አለ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። አባቴም ሳቀ። እያለቀሰ ሳቀ።

ጎተራው ሥር ገብቼ ተሸጎጥኩ። ሊያወጣኝ የመጣውን ሁሉ ነከስኩ። በመጨረሻ አባቴ አዝሎኝ፣ በእግሩ፣ በዋናው መንገድ ወደ ቤት መለሰኝ። ብስክሌቱ እዚያው ቀረ። ስለዚህ ልጅነቴ እንዲህ ደመደመ፦ ሊድረኝ ሰጠኝ፤ ተናካሽ ሆኜ ስገኝ አንፈልጋትም ብለው ብስክሌቱን በእኔ ፈንታ ወሰዱ። ከዚያ ቀን ወዲያ አንድም መንገድ አብሬው አልሄድኩም። አባቴ በእግሩ የሚሄድ መልእክተኛ ሆነ፤ ልከተለው ስል «ቤት ዋይ» ይለኛል። እናቴን ጠይቄ እንዳልረዳ በሁለተኛው ዓመት በወሊድ ሞተችብኝ።

አሥራ ስድስት ዓመት ሲሆነኝ ገበያ ላይ ከአንዷ ጋር ተጣላሁና «የነፍሰ ገዳይ ልጅ!» አለችኝ። ጠይቄ አጣራሁ። የዱቤን ነገር ያኔ ሰማሁ። የልጅነቱን ሐሳብ ከዚህ ጋር ሰፋሁት። ልድርሽ ማለት ብቻ አልነበረም ለካ፣ በደም ፈንታ ነበር የሰጠኝ። በሠርጌ ዋዜማ «አባባ፣ ለሰዎቹ ሰጥተኸኝ ነበር ወይ?» አልኩት። ፊቱ አመድ መሰለ። «ያን ቀን አታንሺብኝ» ብሎ ወጣ። አዎ ማለቱ ነው ብዬ ያዝኩ። እሱም ሠላሳ ዓመት አላስተባበለም። በዓል ሲሆን ልጆቼን እልክለታለሁ፣ እኔ አልሄድም። ሰነፍ አይደለሁም፣ ግትር ነኝ። በዘጠና አንድ ዓመተ ምሕረት ሞተ።

በዘጠና አምስት፣ በርበሬ ስሸጥ፣ ከአርጆ ወገን የመጣች ደንበኛዬ ስለ አገሯ ስታወራ «አዴ ወሰኔ፣ የዱቤ ሚስት የነበረችው፣ አሁንም በእግሯ ገበያ ትሄዳለች» አለችኝ። ቁናውን ከእጄ ጣልኩት። ሦስት ቀን እንቅልፍ አጣሁ። በአራተኛው ቀን መኪና እስከሚያደርሰኝ ሄጄ ወረድኩ፣ የቀረውን በእግሬ ወጣሁት። አርባ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ጉልበቴ ይጮሃል፤ የዝላይ በርን አንድም ሰው ሳልጠይቅ አገኘሁት።

አዴ ወሰኔ ደጃፏ ላይ ባቄላ ትፈለፍላለች። አንድ ዓይኗን ሞራ ይዞታል። ስሜን ስነግራት የግራ እጇን አመልካች ጣት ዘረጋችልኝ። ጠባሳ አለው።

«ጥርስሽ ነው» አለች። «በስንት ዓመትሽ ይቅርታ ልትጠይቂኝ መጣሽ?»

«ይቅርታ አይደለም ያመጣኝ» አልኳት። «አንድ ነገር ልጠይቅ ነው። አባቴ በዱቤ ፈንታ ሰጥቶኝ ነበር ወይ?»

«ማንን?»

«እኔን።»

ባቄላውን አስቀመጠች። መጀመሪያ የተቆጣች መስሎኝ ነበር፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ሳይ ለካ እየሳቀች ነው። «አንቺን ማን ይወስዳል? በአንድ ከሰዓት ሦስት ሰው ነከስሽ!» ከዚያ ሳቋ ቆመና በደህናዋ ዓይኗ ትክ ብላ አየችኝ። «ዋቅ ያውቃል፣ ይህን ተሸክመሽ ነው አርባ ዓመት የኖርሽው?»

«ታዲያ ጦር የያዘው ሰው "የኛ ናት" ያለው ምንድነው? በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«ጆቴ ነዋ፣ የባሌ ወንድም። ውሃችንን የጠጣች ልጅ ጠላት አትሆንም ማለቱ ነው። ደስ ብሎት ያለው ነው። ስሚኝ፣ ልጄ። አባትሽ ጆቴን ይሸሽ ነበር አይደል? ጆቴም እሱን ይሸሽ ነበር። ጉማ ሳይወጣ መገናኘት ነውር ነው፣ ቢገናኙ ደግሞ ጆቴ ሳይወድ ጦር ማንሳት አለበት። አንቺ ስትዘፍኚ ስንሰማ ሁላችንም ማሳ ጥለን ጫካ እንገባ ነበር። "ይህ ሰው ጨዋ ነው፣ እንዳንገናኝ ብሎ ልጁን ያዘፍናል" እንል ነበር።»

እሱ የሚከለልብኝ መስሎት፣ እነሱ የሚያከብራቸው መስሏቸው፣ አንዱ ካንዱ ሲሸሽ ነበር ለካ።

«በየሳምንቱ ከገዛ ማሳዬ እየተነሳሁ መሸሽ ሰለቸኝ» አለች ወሰኔ። «ያን ቀን ብቻሽን መጥተሽ ውሃ ስትዪኝ የማን ልጅ እንደሆንሽ ልብስሽን አይቼ አውቄአለሁ። አውቄ ነው ያጠጣሁሽ። ሰጪው እኔ ነኝ፣ ጠጪዋ አንቺ። ከዚህ በኋላ እንግዲህ ሽማግሌ ከመጥራት ሌላ ምን ምርጫ አላቸው? ወንዶቹን ብንጠብቅ እስከዛሬም በጫካ በኖርን።»

«ጥሎኝ ሸሸ እኮ።»

«ሸሸ። ፈርቶ ነው የሸሸው፣ እሱም አልካደም። ግን አምስቱን ሽማግሌዎች ይዞ ሲመጣ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ? ገና ሳይቀመጥ፣ የዕርቅ መለመኛውን ሣር እንደያዘ፣ "የገደልኩት ሳላውቅ ነው፣ እሱን እናንተ ትፈርዳላችሁ። ሳላውቅ ያልሆነው ግን ሁለት ወር ሙሉ ሴት ልጄን ከፊቴ አስቀምጬ መሄዴ ነው። እኔ የምቀጣው በዚህ ነው። ከእንግዲህ መንገድ አላወጣትም" አለ። ማንም አልጠየቀውም፣ ራሱ ላይ ፈረደ። ብስክሌቱንም የጠየቀው የለም። ጥሎት ሄደ። ምን እናደርገዋለን? ዶሮ ሰፈረበት።»

«ቤት ዋይ» ሲለኝ የኖረው፣ እኔን ማየት ያስጠላው የመሰለኝ፣ ለካ ቃሉን ሲጠብቅ ነበር።

«አንድ ጊዜ እንኳን ለምን አልነገረኝም?» አልኩ።

«አንቺስ ስንት ጊዜ ጠየቅሽው?»

«አንድ ጊዜ።»

«ይኸው» አለችና ባቄላዋን አነሳች።

ተመልሼ ነቀምቴ ስገባ በቀጥታ እትዬ ሸዋርጋ ቤት ሄድኩ። አርጅተዋል፣ በምርኩዝ ነው የሚንቀሳቀሱት። የሰማሁትን አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። ከዚያ «ነገ ሲነጋ ሰው ሰብስበው ቤቴ ይምጡና መርዶ ይንገሩኝ» አልኳቸው።

«የማንን መርዶ?»

«የአባቴን።»

«አንቺ ልጅ አበድሽ? አራት ዓመቱ እኮ ነው! ስንቀብረው ጓሮ ነበርሽ።»

«ያኔ የቀበራችሁት እኔ የማውቀው ሰው አልነበረም። ይኸኛውን ትናንት ነው ያገኘሁት። መርዶ ደግሞ የሚነገረው ሰው ባልሰማ ጊዜ ነው፤ እኔ አልሰማሁም።»

«ሰው ይስቅብናል» አሉ።

«ይሳቅ።»

ጎህ ሲቀድ መጡ። ሃያ የሚሆኑ የሰፈር ሴቶች፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ አንዳቸውም ሳይስቁ። እኔ እንደማያውቅ ሰው አልጋዬ ላይ ተኝቼ ጠበቅኋቸው። በሩ ተንኳኳ፣ ከፈትኩ። እትዬ ሸዋርጋ ምርኩዛቸውን ለሌላ ሰው ሰጥተው በሁለት እጃቸው ትከሻዬን ያዙኝ።

«ፀዳለ፣ ልጄ፣ በርቺ» አሉኝ። «አባትሽ ወልደዮሐንስ አርፏል።»

«መቼ?» አልኩና እንደቆምኩ ወደቅሁ። ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጥኩ።